ስሙ ቸኮሌት ነበር

ነገሩ የሆነው ዐምና፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። ቤቱ ጉልባን ጉልባን ይሸታል። ባለቤቴ ከሾላ ገበያ በግ እየጎተተ ገባ። ቡናማ፣ ላቱ የከበደ፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ ሙክት ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እናንተም ገዝታችኋልና ታውቁታላችሁ። ከውኃ ታንከሩ እግር ጋር አሰርነው፤ ሣር ጣል አደረግንለትና ወደየሥራችን ተመለስን።

የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሚጡ ግን ከበጉ አጠገብ አልተነሳችም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስም አወጣችለት፤ በቀለሙ የተነሳ «ቸኮሌት» አለችው። ዐርብ ከስግደት ስንመለስ የጥቅል ጎመን ቅጠል በእጇ ስታጎርሰው አገኘኋት። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ሲመጣልን ሁላችንም በየራሳችን ላይ አሰርን። እሷ ከራሷ ፈትታ በበጉ ቀንድ ላይ አሰረችለት። «ምን ማድረግሽ ነው?» ብላት፣ «እሱም የኛ ቤት ሰው ነዋ!» አለችኝ።

ማታ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ ኩሽና መጣችና ቀሚሴን ያዘች። «ማሚ፣ ቸኮሌት ነገ የት ነው የሚያድረው?»

55 ቀን የጾመና እሳት ዳር የዋለ ሰው ምን ያስባል? አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል» አልኳት። የ13 ዓመቱ ወንድሟ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «አዎ፣ ጥብስና ቅቅል የሚባሉ ዘመዶች አሉት» አለ።

ሚጡ ወዲያው አላለቀሰችም። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ ድስቱን አየች። «የምናውቀውን እንበላለን እንዴ?» አለች። አያቷ ከሳሎን ሰምተው፣ «በግ እኮ ነው የኔ ልጅ፤ እግዜር ለዚሁ የፈጠረው ነው» አሏት። አልሰማቻቸውም። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ «በቀደም ስለ ውሾቹ ምን ነበር ያልሽው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ያልኩትን ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት ልጄ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳይቶን ነበር። በደቡብ ኮሪያ ውሾች ለሥጋ የሚረቡበት ቦታ ነው። ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። እኔ ደግሞ በልጆቼ ፊት፣ «እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም እንዴ?» አልኩ። ሚጡ ይህን ሰምታ ይዛዋለች። ይባስ ብሎ ለፋሲካ ምሳ የጠራነው እንግዳ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። እሱም ሚስቱም ኮሪያውያን ናቸው።

የልጅ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳል። ለካ ስለ በጉ ብቻ አልነበረም የጠየቀችኝ። ውሻ የሚበላ ሰው አንጀት ከሌለው፣ ጎመን አጉርሰው ቄጤማ ያሰሩለትን በግ የሚበሉትስ? በዓሉ ካለፈ በኋላ ስለ ነገሩ ሳነብብና ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከኮሪያ ልጀምር። የውሻ ሥጋ እዚያ እንደ እኛ ሽሮ በየቀኑ የሚቀርብ ምግብ አይደለም። በይበልጥ የሚታወቀው «ቦክናል» በሚባሉት ሦስት የሙቀት ቀናት ነው። የእኛ ክረምት ሲከብድ የእነሱ ሙቀት ይበረታል። ያን ጊዜ «ቦሺንታንግ» የሚባለው የውሻ ሾርባ ሙቀት ያደከመውን ገላ ያበረታል ተብሎ ይታመን ነበር። እኛ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የቅልጥም መረቅ እንደምናጠጣው ማለት ነው። ለሥጋ የሚረቡት ውሾችና ቤት ውስጥ የሚያድጉት ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ የተለያዩ ነበሩ። ያኛው ከብት ነው፣ ይኼኛው ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክን ስታዘጋጅ መንግሥት የውጭ ሰው እንዳያይብን ብሎ የውሻ ሥጋ ቤቶችን ከዋና ዋና መንገዶች ገለል አደረጋቸው። መብላቱ ግን በዚያ አልቀረም። ነገሩን ይበልጥ የለወጠው የራሳቸው ቤት ነው። በአፓርታማ የሚኖረው ቤተሰብ ውሻ ማሳደግ አበዛ፤ ወጣቱም ያን ሾርባ እየተወው መጣ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2024፣ ምክር ቤታቸው ውሻን ለምግብ ማርባትን፣ ማረድንና መሸጥን የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። 208 አባላት ደገፉት፣ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ቅጣቱ የሚጀምረው ከሦስት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ፣ በ2027 ነው። ውሻን ለሥጋ ያረደ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን ዎን መቀጫ ይጠብቀዋል። በላተኛውን ግን ሕጉ አይቀጣም። ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔ «አንጀት የላቸውም» ስል እነሱ ነገሩን ከእኔ በላይ ሲነጋገሩበት ኖረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ፔሩ እንሂድ። በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች በሳጥን የሚያሳድጓት፣ ጅራት የሌላት፣ ከጥንቸል የምታንስ «ጊኒ ፒግ» የምትባል እንስሳ አለች። ስም ይወጣላታል፣ ስትሞት ጓሮ ውስጥ ትቀበራለች። በፔሩ ተራራማ አገሮች ግን ስሟ «ኩይ» ነው። ከአውሮፓውያን መምጣት ብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ለምግብ ስትረባ ኖራለች። በገጠር ቤቶች ኩሽና ወለል ላይ እየተሯሯጠች የአትክልት ትራፊ ትበላለች፤ ድግስ ሲደርስ ተጠብሳ ትቀርባለች። በኩስኮ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የተባለው ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣለው የጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕል አለ። በጌታና በሐዋርያቱ መካከል ባለው ሳህን ላይ የተጋደመችው፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ ኩይ ናት። ሠዓሊው ለአገሩ ሰው የአገሩን የበዓል ምግብ አቀረበለት።

እርስ በርሳቸው ጎረቤት የሆኑት ፈረንሳይና እንግሊዝም በፈረስ ይለያያሉ። ፈረንሳይ የፈረስ ሥጋ መሸጥን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። በበራቸው ላይ የፈረስ ራስ ምስል የሰቀሉ ሥጋ ቤቶች ለረዥም ዘመን የከተሞቿ መለያ ነበሩ። ባሕሩን ተሻግረው እንግሊዝ ሲደርሱ ፈረስ ጓደኛ ነው። በ2013 «የበሬ ሥጋ» ተብለው በታሸጉ ምግቦች ውስጥ የፈረስ ሥጋ ሲገኝ አገር ተናወጠ። መታለሉ አንድ ነገር ሆኖ፣ ብዙውን ሰው ያንገሸገሸው የበላው ፈረስ መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት ሥጋ ነው፤ በአንዱ ዳርቻ እራት፣ በሌላው ነውር።

«እኛስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ራሳችን በአንድ አገር ውስጥ ስንት ገበታ አለን! ጅጅጋ ወይም አፋር ሄዶ የግመል ሥጋ የቀረበለት የደጋ ክርስቲያን ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ለአስተናጋጁ ግን ከዚያ በላይ ክብር የለም። የግመልም የጥንቸልም ነገር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ስለተጻፈ፣ ለአያታቸው ጉዳዩ ያለቀለት ነው። የሙስሊም ጎረቤታችን ሥጋ ቤትና የእኛ ሥጋ ቤት ጎን ለጎን ሆነው፣ በሬው ከአንድ ገበያ መጥቶ እንኳ በአንዱ የታረደውን ሌላው አይበላም። እንዲያም ሆኖ ስንት ዓመት ቡና ስንጠራራ ኖረናል። አንዳችን የሌላውን ገበታ «ይቀፋል» ስላላልን አይደል?

አህያን ደግሞ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፈተ ሲባል የሆነውን አንረሳውም። ገዢው ቻይና ነበር። እዚያ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ «ኤጂያዎ» የሚባል የባህል መድኃኒት ይሠራል። ሕዝቡ ጮኸ፤ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በኋላም የአፍሪካ መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በመላው አህጉር አህያን ለቆዳ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። አህያን አቅፈን አናሳድግም፤ እንዲያውም ሸክም አብዝተን በዱላ የምንነዳት እኛው ነን። ግን ውኃ ቀድታ፣ እህል ተሸክማ፣ ከቤተሰብ እኩል የደከመች ናት። እሷን ገድሎ መሸጥ የሆነ ነገራችንን ነካው። የኮሪያዊው ልጅ ስለ ውሻው የሚሰማው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደግሞም አለመብላት ማለት መውደድ አይደለም። ውሻ አንበላም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን ታማኝነቱን እንተርታለን። ግን ስንቶቻችን ነን ግቢያችን ውስጥ በአጭር ሰንሰለት አስረን፣ ትራፊ ወርውረንለት፣ ዕድሜውን የጨረስንበት? በመንገድ የሚያልፈውንስ ልጆቻችን በድንጋይ ሲመቱት «ተው» የምንል ስንቶቻችን ነን?

ለሂንዱ እምነት ተከታይ ላም ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ሙሉ ብልት በተሰቀለበት ሥጋ ቤት በር ላይ ቢያልፍ፣ ውስጥ ገብቶም ሰዉ ጥሬውን በቢላ እየቆረጠ ሲጎርስ ቢያይ ምን ይል ይሆን? እኅቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ማረድ ስለማይቻል፣ ለፋሲካ ከሌሎች ሐበሾች ጋር ወደ ገጠር እርሻ ይሄዱና በግ መርጠው፣ እዚያው አሳርደው ይመለሳሉ። አንድ ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት ሄዶ በደስታ ይህንኑ ሲያወራ የክፍሉ ልጆች ፊታቸውን አጨማደዱ፣ አንዷም አለቀሰች። ልጁ በማግስቱ የተላከለትን የጥብስ ምሳ ሳይከፍት መለሰው። እኅቴ ይህን ስትነግረኝ ልቤ ተቃጥሎ ነበር። «የሰውን ባህል የማያከብሩ!» ብዬም ነበር። እኔ በሳሎኔ ያደረግሁትም እኮ ያንኑ ነው።

ታዲያ መስመሩን የሚያሰምረው ምንድን ነው? እኔ ያገኘሁት መልስ ትውውቅ ነው። እንስሳው ብልህ ስለሆነ ወይም ስላማረ አይደለም። በግም ሰው ይለምዳል፣ ስሙንም ያውቃል።

አያቴ ገበሬ ነበር፤ ቦራ የሚባል የእርሻ በሬ ነበረው። አሥር ዓመት አብሮት አረሰ። ቦራ ሲያረጅ መሸጥ ግድ ሆነ፤ ሌላ በሬ መግዣ የለማ! አያቴ ግን ገበያ አልወጣም፤ አጎቴን ላከው። ገንዘቡ ሲመጣ ቆጥሮ አልተቀበለም፤ ለአያቴ ሚስት ስጣት አለና ወደ ማሳው ሄደ። ለገና ቅርጫ ሲገባ የማንንም በሬ ይበላል። ቦራን ግን አልበላም። በልጅነቴ ግራ የገባኝ ነገር ነበር፤ ሚጡ ስትጠይቀኝ ነው የገባኝ። እያንዳንዱ ሕዝብ፣ እያንዳንዱም ሰው፣ «ይኼኛው የቤቴ ነው፣ ያኛው የገበታዬ ነው» ብሎ ይለያል። የት ላይ እንደሚለይ ግን ኑሮው፣ እምነቱና ርሀቡ ይወስኑለታል።

ይህ ማለት «ሁሉም ልክ ነው፣ ዝም እንበል» ማለት አይደለም። በየትኛውም አገር ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ እንስሳው እንዴት ኖረ? እንዴትስ ሞተ? በጠባብ ሳጥን የታጎረ ውሻ ያሳዝናል፤ ልክ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ከሾላ ስመለስ ስንት በግ በመኪና ጣራ ላይ ተጠፍሮ፣ ስንት ዶሮ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተዘቅዝቃ አየሁ? አየሁም አላልኩም፤ ዓይኔ ለምዶታል። የሩቁ ጭካኔ ጎልቶ የሚታየን ገበታው የእኛ ስላልሆነ ነው።

ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። በዚያች ሌሊት ሚጡን አልጋዋ ላይ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። «ዋሽቼሻለሁ። ቸኮሌት ወደ ዘመዶቹ አይሄድም፤ ነገ ጠዋት ይታረዳል። እንዳይንገላታ አደራ ብለናል። ማየት የለብሽም፤ መብላትም ግዴታሽ አይደለም» አልኳት። «ስለ ውሾቹም ያልኩት ልክ አልነበረም። ሰዎቹን ሳላውቃቸው ነው የተናገርኩት» አልኳት። ብዙ አለቀሰች። «ለሚቀጥለው ዓመት በግ ስም አላወጣም» ብላ ተኛች። ደስ እንዲለኝ ይሁን እንዲከፋኝ አላወቅሁም።

ምሳ ሰዓት እንግዶቻችን መጡ። ቆዳው ገና አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ሴትዮዋ አየችው፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «መልካም በዓል» አለችኝ በአማርኛ። ምንም አልጨመረችም። ጥሬው ሲቀርብ ሁለቱም በአክብሮት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ጥብሱን እንወስዳለን» አሉ። የፈራሁት አልቀረም፤ ልጄ ፊት ለፊት ስለ ውሻ ሥጋ ጠየቃቸው። ባለቤቴ ደነገጠ። ሰውየው ግን አልተቆጣም። አያቱ በሙቀት ወራት ይበሉ እንደነበር፣ እሱ ግን በልቶ እንደማያውቅ ነገረን። ስልኩን አወጣና እናቱ ቤት የተዋት ነጭ ውሻ አልጋ ላይ ተጋድማ አሳየን። ሚጡ ስልኩን ተቀብላ፣ «ስሟ ማነው?» አለች። ነገራት፤ ለመጥራት እየሞከረች ብዙ ሳቁ።

እኔ ከዚያች ሴት ዝምታ ነው የተማርኩት። ቆዳውን አይታ ፊቷን ብታጨማድድ ኖሮ ልጆቼ በዓላቸውን የሚያስታውሱት በዚያ ነበር። የምታምኑኝ ከሆነ በእኛ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ለመጠበቅ እንሞክራለን። አንደኛ፣ በሌላ ሰው ምግብ ላይ «ኤጭ» አይባልም። «እኛ አንበላም» ይበቃል፤ እሱም እውነት ነው፣ ማንንም አይሰድብም። ሁለተኛ፣ በግ ከመምጣቱ በፊት ለምን እንደሚመጣ ለልጆች ይነገራል። የሚከፋው ይከፋዋል፤ መከፋቱም ነውር የለበትም። የሚያዝን ልጅ መጥፎ ነገር አልሆነም።

ሚጡ ያን ዕለት የበጉን ሥጋ አልቀመሰችም። ዶሮ ወጡን ግን ከእንቁላሉ ጋር ጥርግ አደረገችው። ሳህኗን ልታነሳ ስትል ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ፣ ዶሮዋስ ስም ነበራት?»

የዘንድሮው በግ የፊታችን ሳምንት ይገዛል። እስከዚያ መልስ ካላችሁ ንገሩኝ። እስከ ወር ቸር ያገናኘን።